ቀይ ውሃ ውስጥ የሳቀችው እህቴ

በዚያን ጊዜ ሶዶ ውስጥ ባሕር የሌለው ፎቶ ቤት አልነበረም። መንግሥት ከተለወጠ ገና ጥቂት ዓመት ነው፤ ሰው መታወቂያ ሊያወጣ፣ ሥራ ሊያመለክት፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ ለጊፋታ ከያለበት አገሩ ሲገባ ከዘመዶቹ ጋር ሊነሳ ወደ ፎቶ ቤት ይጎርፋል። ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጥርስ ያንገጫግጫል፤ ጋቢውን የተከናነበው ሽማግሌ ግን ከነከዘራው ዘንባባ ሥር፣ አሸዋ ላይ ቆሞ ይነሳል። ከኋላው ሰማያዊ ውሃ፣ ነጭ ሸራ የወጠረች ጀልባ፣ ከውሃው የሚዘሉ ሁለት ዶልፊኖች አሉ። የእኛን ቤት ባሕር የሳልኩት እኔ ነኝ። ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ ከግድግዳ ካላንደር ነው የቀዳሁት። ደንበኞቼም አላዩም፤ ዶልፊኖቹን አምባዛ መስለዋቸው "አቤት አምባዛ! ይሄ ስንት ቤተሰብ ያበላል!" እያሉ ያደንቁልኝ ነበር። እኔም አላርማቸውም። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ የሶዶ ሰው ግን ያላየው ባሕር ዳር ካልቆመ ፎቶ የተነሳ አይመስለውም ነበር።

ፎቶ ቤቱ የአንድ የጉራጌ ነጋዴ ነው። እኔ ተቀጣሪው ነኝ፤ መጋረጃውን እስላለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ ጥቁርና ነጩን ጓዳ ውስጥ አጥባለሁ። ባለቤቱ ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሲሄድ ቤቱ የእኔ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን እህቴ ቅቤዋን ሸጣ ስትመለስ እግሯን ልታሳርፍ ገባች። ታላቄ ናት፤ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ያን ቀን ሌላ ሰው አልነበረም፤ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ መጋረጃው ፊት ቆመች። ብቻችንን ስንሆን የምናወራው በወላይትኛ ነበር።

"ኢሻው፣" አለችኝ፤ ወንድሜ ማለቷ ነው። "ይሄ ውሃ ልብስ የታጠበበት ነው እንዴ? ምን ሆኖ ነው እንዲህ ሰማያዊ የሆነው?"

"ባሕር እንዲህ ነው።"

"የት አይተህ?"

ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አሳየኋት።

"የእኛ ውሃ ቀይ ነው፤" አለች።

እውነቷን ነው። የተወለድነው ቆላ፣ ከሁምቦ ወዲያ፣ አባያ ሐይቅ አጠገብ ነው፤ አባያ ደግሞ ከየተራራው አፈር እየታጠበ ስለሚገባበት ቀለሙ የሸክላ ነው። ልጅ ሆነን "የአዞ አፍንጫ ካየህ ጩህ" ትለኝና ልብሷን አስይዛኝ ትገባ ነበር። እኔ ከፍርሃቴ ብዛት እንጨት ተንሳፍፎ ባየሁ ቁጥር እጮሃለሁ፤ እሷ እየሳቀች ትመለስና ኩርኩም ታቀምሰኛለች። በሠፈራችን ወንዶቹ እንኳ እንደ እሷ ርቀው አይሄዱም ነበር። ከዚያ ለሶዶ የእህል ነጋዴ ተዳረች። ሶዶ የሚዋኝበት ውሃ የለም፤ ቢኖርም ባለትዳር ሴት፣ ያውም ባሏ የሰበካ ጉባኤ አባል የሆነ፣ ገብታ አትንቦጫረቅም። ከዚያ ወዲህ ውሃ ለእሷ ከጀሪካን የሚቀዳ ነገር ሆነ።

"አንተ ሄዶ የማያውቀውን ሰው ሁሉ ባሕር ዳር ታቆማለህ፤" አለችኝ። "እኔን ውሃ ውስጥ ማስገባት ያቅትሃል?"

መጀመሪያ የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ ከብዙ ዓመት ደጅ ጥናት በኋላ የተወለደች፣ ያኔ ገና ግድግዳ ይዛ መቆም የጀመረች።

"ልጄ እናቷ ዋናተኛ እንደነበረች ማወቅ አለባት፤" አለች። "ሰው በአፍ ሲነግሩት አያምንም፤ ፎቶ ካየ ግን ያምናል።"

የተቀደደ አሮጌ መጋረጃ ነበረን። ገልብጬ ጀርባው ላይ አባያን መሳል ጀመርኩ። ለቆርቆሮ ጣሪያ የሚቀባውን ቀይ ቀለም ከቢጫና ከነጭ ጋር እያደባለቅሁ፣ ሲበዛብኝ እየፋቅሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ የሐይቁን ዳር እያስታወስኩ ሠራሁት። ከካላንደር ሳልቀዳ ከራሴ ያወጣሁት የመጀመሪያ ሥዕሌ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ኮራሁበት። ጥግ ላይ የጉማሬ ጆሮና አፍንጫ ጨመርኩበት። እህቴ መጥታ ስታየው ፊቷ ተለዋወጠ።

"ይሄን አጥፋ።"

"ለምን? አምሮ የለም እንዴ?"

"ጉማሬ ካለበት እኔ አልገባም!"

ከልቧ ነበር። አጠፋሁላት። ከዚያ መሐል ላይ ለራሷ አንድ፣ ለክንዶቿ ሁለት ቀዳዳ ቀደድኩ።

ባለቤቱ ያልነበረበት ቀን መጣችና በሩን ዘጋን። ሻሿን ፈትታ ሹሩባዋን በጣሳ ውሃ አራሰችው። ከመጋረጃው ጀርባ በርጩማ ላይ ተንበርክካ አንገቷንና ክንዶቿን በቀዳዳዎቹ አወጣች። በካሜራው ሳያት ሳቄ አመለጠኝ፤ እሷ ግን ተቆጣች።

"ክንዴን አላላወሰኝም፤ አስፋው እንጂ! እንዲህ የሚዋኝ እንኳን ሰው ዶሮም የለም!"

አሰፋሁላት። ልትስተካከል ስትንጠራራ ከሹሩባዋ የወረደው ውሃ ዓይኗ ውስጥ ገባ፤ ድንገት ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ ሳቀች። ያን ሳቅ ከሐይቁ ዳር ከተለየን ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። አነሳኋት።

የቀለም ፊልም ሶዶ አይታጠብም ነበር። ጥቅሉ እስኪያልቅ እንጠብቅና በአውቶቡስ ሹፌር እጅ አዋሳ እንልከዋለን። ታጥቦ ሲመጣ ጊፋታ አልፏል። እንደሚመስለኝ ማጠቢያው ቀይ ውሃ አጋጥሞት አያውቅም፤ የእኔን ሸክላ አድምቆ አድምቆ ሌላ ነገር አደረገው። እኔ ግን ያኔ አልታየኝም። እኔ ያየሁት አባያን ነው፤ እሷም ያየችው አባያን ነው። ፎቶውን ይዛ ብዙ ቆየችና ደረቷ ውስጥ ከትታው ሄደች።

ብዙም ሳይቆይ ባሏ መጣ። ፎቶውን በመሐረብ ጠቅሎ ይዞታል። ቁጡ ሰው አይደለም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። መሐረቡን ቀስ ብሎ ፈታው።

"ይሄ ምንድነው?"

"አባያ ነው ጋሼ። እሷ ናት የጠየቀችኝ፤ ለልጅቷ ብላ።"

"የልጄን እናት አንገቷን ቆርጠህ ደም ላይ ነው ያስቀመጥካት።"

ያኔ በእሱ ዓይን አየሁት። ቀይ ውሃ፣ ከውሃው በላይ አንገትና ሁለት ክንድ፣ ሌላ አካል የለም።

"ቀለሙ ነው ጋሼ፤ ሲያጥቡት ነው የቀላው። ይኸው እየሳቀች አይደል?"

"እሱ ነው የባሰ ያስፈራኝ፤" አለ። "ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው።"

እዚያው ፊቱ ክብሪት ጭሬ አቃጠልኩት። ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ አመስግኖኝ ሄደ። ነጌቲቭ የሚባል፣ ፎቶ እንደገና የሚታተምበት ፊልም መኖሩን አያውቅም፤ እኔም አልነገርኩትም። እህቴ ስትሰማ አልከፋትም።

"ተወው፣ ፈርቶ ነው፤ ስለሚወደኝ ነው፤" አለችኝ። "አንተ ጋ ግን አለ አይደል?"

"አለ።"

"እንግዲያው ይቀመጥ። ልጄ ስታድግ ታሳያታለህ።"

ዓመቱ ሳይዞር ሆዷን ያማት ጀመር። ኦቶና ሆስፒታል ተመላለስን፤ ሐኪሞቹ የሚቻለውን ሁሉ አደረጉ፤ አልሆነም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ባሏ በአፉ አንድም ቀን ባይናገረውም በዚያ ፎቶ ሰበብ እንደሞተችበት ያምን ነበር። እዚያው ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም አውቄዋለሁ።

አልቃሾቹ ይዘውት የሚቆሙት ፎቶ ያስፈልግ ነበር። ፊቷን ብቻ ለይቼ፣ በጥቁርና ነጭ አሳድጌ ላወጣው እችል ነበር፤ ውሃው ጠፍቶ ሳቋ ብቻ ይቀራል። "ጋሼ፣ ያኛውን…" ብዬ ስጀምር "እሱን አታንሳብኝ!" ብሎ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ሚስቱን የቀበረን ሰው ምን ብለው ይሟገቱታል? ከመታወቂያዋ ላይ ጉርድ ፎቶዋን ላጥኩ። የቀበሌው ማኅተም ግማሹ ጉንጯ ላይ ወድቆ ነበር፤ አሳድጌው በቀጭን ብሩሽ አጠፋሁት። ጉርዱንም ያነሳኋት እኔ ነኝ። ለመታወቂያ የሚነሳውን ሁሉ "አትሳቁ፣ ጥርስ አይታይ" ማለት ልማዴ ነው፤ እሷንም ብያታለሁ። በማግስቱ ሴቶቹ ያንን የተኮሳተረ ፊት ወደ ላይ እያነሱ ደረታቸውን ሲመቱ አየሁ። እኔም አለቀስኩ፤ ግን የማለቅስለት ፊት ሌላ ነበር።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ቀለሙ ነው። ሰማያዊ ቀብቼው ቢሆን ኖሮ ባሏ ራሱ በፍሬም አድርጎ ሳሎኑ ውስጥ ይሰቅለው ነበር። አገር ሁሉ የሚነሳበት ባሕር ማንን ያስፈራል? ስንቱን ሰው በውሸት ውሃ አስውቤ ሰድጄ፣ በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ብቻ እውነተኛውን ቀለም ብቀባ፣ እሱው እህቴን ከገዛ ቤቷ ግድግዳ አስቀራት።

ዓመታት ሄዱ። በማሽን የታተመ ባሕር መጣና የእኔን መጋረጃ አስጣለው፤ ኋላ ደግሞ ሰው ሁሉ በስልኩ ራሱን ማንሳት ጀመረና ፎቶ ቤቱም ተዘጋ። ነጌቲቩን በወተት ጣሳ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። የእህቴ ባል በሕይወት እያለ ላሳያት አልደፈርኩም፤ ቁስሉን መቀስቀስ መሰለኝ። ብቻውን ያሳደጋት እሱ ነው። እሱም ሲያርፍ ነጌቲቩን ኮምፒውተር ቤት ወሰድኩት፤ ቀለሙን አስተካክለው አወጡልኝ። ደሙ ጠፍቶ የሐይቃችን ሸክላ ተመለሰ። በሚኒባስ ተሳፍሬ ሻንቶ ወረድኩ፤ ልጅቷ እዚያ ቢሮ ተቀጥራ የራሷን ቤት ይዛ ነበር።

ጉርዱ በወርቃማ ፍሬም ሆኖ፣ የፕላስቲክ አበባ ዞሮበት ሳሎኗ ውስጥ ተሰቅሏል። ከፖስታው አውጥቼ ሰጠኋት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችኝና ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች። ፈገግ አለች።

"ስታምር! ማን ናት አጎቴ?"

"እናትሽ ናት።"

ፎቶውን ዝቅ አድርጋ ወደ ግድግዳው አየች፤ መልሳ ፎቶውን አየች። ሁሉንም ነገርኳት። መጋረጃውን፣ ቀዳዳዎቹን፣ የጣሳውን ውሃ፣ "ለልጄ" ማለቷንም። ሳታቋርጠኝ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ከዚያ አጠገቤ ቁጭ ብላ እጄን ያዘችኝ።

"አጎቴ፣ ሰው ተመሳስሎብህ ነው፤" አለችኝ በቀስታ። "እናቴ እንዲህ የምትስቅ ሰው አልነበረችም።"

ፎቶውን ወደ ፖስታው መልሳ፣ እንዳይታጠፍ ተጠንቅቃ የኮቴ ኪስ ውስጥ ከተተችልኝ።