አፉ የተዘጋው ኮምፕረሰር

ጀማለዲንን ጉርድ ሾላ አካባቢ «ጀማል ጠቅ» እያልን ነበር የምንጠራው። ኤሌክትሪክ ሠሪ ነው። ቤቱ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ሥራው ግን ከእንጦጦ የእህል ወፍጮዎች እስከ ኮተቤ ጋራዦች ድረስ ነበር። የጠገነው ዕቃ «ጠቅ» ብሎ ሲነሳና «ጠቅ» ብሎ ሲጠፋ በጆሮው ካልሰማ «አለቀ» የምትል ቃል ከአፉ አትወጣም። አጠገቡ ሰው ካወራ ይቆጣል። እኔ ደግሞ የታክሲ ሹፌር ነኝ፤ ካላወራሁ ያመኛል። ስንጣላ ነው የኖርነው፤ እንደሱ የምወደው ጓደኛ ግን አልነበረኝም።

ስለ እሱ የሚያስቅ ነገር ሞልቶኛል። ይሄኛው ግን አያስቅም። ዛሬም ሳስታውሰው ክው እላለሁ።

ቀይ ሽብሩ ካለፈ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። የፊያት ታክሲዬ ጎማ ተንፍሶ ጋሽ ኃይለ መስቀል ጎሚስታ ቤት ገባሁ። ጋሽ ኃይለ መስቀል ቀኑን ሙሉ ጎማ ሲለጥፉ ውለው አሥር ቃል የማይወጣቸው ሽማግሌ ናቸው። ባለቤታቸው እማማ ለተጊዮርጊስ ከየካ ተራራ የሚወርደውን ብርድ ሽሽት ዱካቸውን የጎማ መንፊያው ኮምፕረሰር ሥር አድርገው፣ ጀርባቸውን ሞቅ ያለው በርሜል ላይ አስደግፈው ጥጥ ይፈትላሉ። አንድ ልጃቸው በላይነህ በሽብሩ ጊዜ ተይዞ ሄዶ አልተመለሰም። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ግን አያነሳውም።

ጀማል ኮምፕረሰሩ ላይ ተደፍቷል። በርሜሉ አየር ሲሞላ ሞተሩን የምታጠፋ፣ ሲጎድል የምታስነሳ ፕሬዠር ስዊች የምትባል ትንሽ ሳጥን አለች። የሞተሩ ኃይል በሙሉ በእሷ ውስጥ ሲያልፍ እየተቃጠለች አስቸገረች። ስለዚህ ጀማል ከመሃል ኮንታክተር የሚባል ጠንካራ ማብሪያ ማጥፊያ አስገባ። ከእንግዲህ ትንሿ ሳጥን ታዛለች፣ ሸክሙን የሚችለው ኮንታክተሩ ነው።

«ልክ እንደ ቀበሌያችን ሊቀመንበር» አለኝ በጆሮዬ። «እሱ ያዛል፣ እኛ እንሸከማለን።»

ግራ ቀኙን ገላመጥኩ። እንዲህ ያለው ቀልድ በዚያን ጊዜ ሰው ያስበላል።

ኮንታክተሩ አሮጌ ነው፤ ከመርካቶ ከቁርጥራጭ ብረት መሃል የተለቀመ። አዲስ ዕቃ እንደሁ አይገኝም። ሞተሩ ተነሳ፣ እኔም ዝም በል ተባልኩ። የመለኪያው መርፌ ወጣ፣ ወጣና ፕሬዠር ስዊቿ «ጠቅ» አለች። ጀማል ፈገግ አለ። ሞተሩ ግን አልቆመም። የኮንታክተሩ ብረቶች ግለው እርስ በርስ ተጣብቀው ቀርተዋል።

«አትፍራ» አለኝ። «አየሩ ከልክ ሲያልፍ በራሱ የሚከፈት መተንፈሻ አለው። አሁን ይጮሃል።»

መርፌው ቀዩን መስመር አለፈ። መተንፈሻው አልጮኸም። ጀማል ቀና ብሎ አየው። አፉ ላይ ብሎን ጥርቅም ተደርጎ ታስሯል።

ፊቱ አመድ መሰለ። «እማማ፣ ይነሱ!» ብሎ ጮኸና ዘሎ ዋናውን ማጥፊያ ጎትቶ አወረደው። እኔ እማማን በብብታቸው አንጠልጥዬ አስፋልቱ ዳር ደረስኩ። እንዝርታቸው ከነጥጡ እግሬ ላይ ተጠምጥሞ ተከትሎኛል። 

ጀማል አየሩን በታችኛው ቧንቧ አስተንፍሶ ሲጨርስ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ማነው ይሄን የዘጋው? ይሄ እኮ ቦምብ ነው! እማማን ቦምብ አስደግፋችሁ ነው የምታውሏቸው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ኃይለ መስቀል።

ከዚያ ያ የማይናገር ሰው ተናገረ። «በላይነህ ከተደበቀበት የመጣ ዕለት ነው። እህል ሊቀምስ፣ ልብሱን ሊቀይር። የአብዮት ጠባቂዎቹ በራችንን አልፈው ሄደው ነበር። አልፈው እኮ ነበር፣ ጀማል! ያ መተንፈሻ ጧ ብሎ ጮኸ። ተኩስ መሰላቸው፤ ተመለሱ።» መተንፈሻውን በጣታቸው አሳዩን። «ልጄን ያስበላብኝ እሱ ነው። በማግስቱ አፉን ዘጋሁት።»

 ስንት ዘመን ጎማዬን ከዚያ በርሜል እየሞላሁ «ጋሼ ምነው ዛሬም ኩርፊያ ነው?» እያልኩ ስቀልድባቸው ኖሬያለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

የጀማል ድምፅ ዝቅ አለ። «ጋሼ፣ እንደተዘጋ ትቼው አልሄድም። ስዊች ይበላሻል፣ ኮንታክተር ይጣበቃል፤ አሁን አይተውታል። የቀሩልዎት እማማ ናቸው።»

 የመለሱት እማማ ናቸው። «ፍታው፣ ልጄ። እኔ እችለዋለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ጀማል ደህና ኮንታክተር ይዞ መጣ። ብሎኑን ፈታ፣ መተንፈሻውን አጸዳ። መተንፈሻው ሲጮህ በጆሮው መስማት ስላለበት፣ ተኩስ እንዳይመስላቸው እኔን ወደ ቀበሌ ላከኝ። ለአብዮት ጠባቂዎቹ «ጧ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፤ ኮምፕረሰር ነው» አልኳቸው። አንዱ «አስቀድሞ የሚነገርለት ተኩስ ሰምቼ አላውቅም» አለና ጠመንጃውን አንግቶ ተከተለኝ። መጥቶ የጎሚስታ ቤቱ በር ላይ ተገተረ።

ስዊቿ ጠቅ አለች፣ ሞተሩ ቆመ። አየር ሲጎድል ጠቅ አለች፣ ተነሳ። ቀጥሎ ጀማል የኮንታክተሩን ሆድ በደረቅ እንጨት ተጭኖ ያዘ፤ ሞተሩ እንዳይቆም። መርፌው ቀዩን አለፈ።

«እማማ፣ አሁን ነው» አለ።

ጧ!

የማውቀው እኔ እንኳ ዘለልኩ። ጠባቂው ጠመንጃውን ደገነ። እማማ ለተጊዮርጊስ፣ ጉልበቴን እያሉ የሚነሱት ሴት፣ ሮጠው የጓሮውን በር በረገዱት። «በላይነህ! በጓሮ! በጓሮ ውጣ፣ ልጄ! ሩጥ!»

በሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀሩ። ውጭ ያለው የጎመን መደብና አጥር ብቻ ነው።  ጠባቂው አፈሙዙን ወደ መሬት አወረደ። ጋሽ ኃይለ መስቀል ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ጀማል ሞተሩን አጠፋና ሄዶ ከእማማ ጎን ቆመ። እሱም ጓሮውን አየ። «አይዞዎት፣ ኮምፕረሰር ነው» የሚላቸው መስሎኝ ነበር።

«ወጥቷል፣ እማማ» አለ። «አጥሩን ዘሏል። አይቼዋለሁ።»

እማማ ፊቱን ትክ ብለው አዩት። «አልፏል?»

«አልፏል።»

በሩን ቀስ ብለው ዘጉት።

ስንወጣ ተቆጣሁት። «ምን ዓይነት ውሸት ነው?» አልኩት። «ዝም በል» አለኝ፤ ዓይኑ ቀልቷል። የዚያን ቀን እውነትም ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ ጀማል መተንፈሻውን ሊፈትሽ በየጊዜው ይመጣ ነበር። እማማ መጀመሪያ የጓሮውን በር ይከፍቱና «በል፣ አሁን ልቀቀው» ይሉታል። ጧ ይላል። «ወጥቷል» ይላል ጀማል። እሳቸውም በሩን ይዘጋሉ። የበሩ መቀርቀሪያ ጠቅ ሲል በጆሮው ሳይሰማ ጀማል ዕቃውን ሰብስቦ አያውቅም።