አብሮ ይዋጣል ያልኩበት ጠዋት

ዶክተር አልነበርኩም። መድኃኒት አዳይ ነበርኩ፤ ከደጋ ተመድቤ ጋምቤላ ከገባሁ ዓመት አልሞላኝም። ክልሉም እንደኔ ገና ጀማሪ ነው፤ ቢሮው ሁሉ ሰው ይፈልጋል፣ ሰው ግን የለም። በጤና ጣቢያችን መድኃኒት ክፍል መስኮት የሚመጣ ሁሉ «ዶክተር» ሲለኝ አንድ ቀን እንኳ «አይደለሁም» አላልኩም። እንዲያውም ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ኒውላንድ ከሚባለው የከተማው ሰፈር አንድ አናጢ መጡ፤ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው። እግራቸው ውስጥ ደም ረግቶባቸው አዲስ አበባ ታክመው መመለሳቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አሁን ደግሞ ወገባቸው አላስቀምጥ አላስተኛ ብሏቸዋል። ሐኪማችን ገጠር ወጥቷል። እኔ ሆዬ፣ ትራማዶል የሚባል ጠንካራ ማስታገሻ በቅርቡ መጥቶልኝ ነበርና ያለ ሐኪም ትእዛዝ ቆጥሬ፣ አወሳሰዱን በእጄ ፖስታው ላይ ጽፌ ሰጠኋቸው።

አልሄዱም። ከኪሳቸው ትንሽ ብልቃጥ አወጡ።

«ዶክተር፣ ይሄ ደም የሚያቀጥን ነው። ሳትጠይቅ ሌላ መድኃኒት አትውሰድ ብለውኛል። አብሮ ይዋጣል?»

አላውቅም ነበር። የማስታገሻው መግለጫ እዚያው ካርቶኑ ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ዘርግቶ ማንበብ ብቻ ነው። ግን ከኋላቸው ሰው ተሰልፏል፣ ዶክተር ተብዬው ደግሞ ሰው ፊት ወረቀት ሲያገላብጥ መታየት አልፈለገም።

«ምንም አይልም፣ አብሮ ይዋጣል» አልኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ!

በሳምንቱ ባለቤታቸው ደግፈው አመጧቸው። የአፍንጫቸው ደም አልቆም ብሏል፣ ክንዳቸው በልዟል፣ ሰገራቸው እንደ ከሰል ጠቁሯል። ያን ጊዜ ሮጬ ወረቀቱን ዘረጋሁት። ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው ደም መፍሰስ ሊያመጣ ይችላል ይላል፣ በግልጽ።

ሐኪሙ የተረፉትን እንክብሎች አይቶ «ማነው ይሄን የሰጠዎት?» ብሎ ጮኸ። እኔ አጠገባቸው ቆሜአለሁ። የእጅ ጽሑፌ ያለበትን ፖስታ ሽማግሌው በእጃቸው ጨምድደው ይዘውታል።

አዩኝ። «ከገበያ ገዛሁ» አሉ።

ዋሽተው የማያውቁ ሰው! እኔስ? ዝም።

በአውሮፕላን አዲስ አበባ ተላኩ፤ ተመስገን፣ ተረፉ። ሲመለሱ ቤታቸው ሄጄ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በክንዴ ይዘው አስቆሙኝ።

«ለአንተ ብዬ አይደለም የዋሸሁት» አሉ። «አንተን ቢያባርሩ መስኮቱን ማን ይከፍታል? ልጆቻችን ወባ ሲይዛቸው የት እንሄዳለን? ሌላ ሰው የለንም።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እስከ በር ሸኙኝ። «ነገ ትከፍታለህ አይደል?» አሉኝ፣ በስሜ ጠርተው። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን «ዶክተር» አላሉኝም።