የአስያ አባት «ደህና» ናቸው

አስያ ከወረታ የመጣችው ለአንድ ሳምንት ነበር። ወንድሟ አኒስ «አባዬን ወገባቸውን አሟቸዋል» ብሎ ሲደውልላት ባሏን ከሩዝ መፈልፈያው ጋር፣ ልጇን ተስኒምን ከአማቷ ጋር ትታ በመጀመሪያው መኪና ደረሰች። ያ ክረምት አለፈ፣ መስከረም ጠባ፣ ጥምቀትም ሮመዳንም መጥተው ሄዱ። የወረታ መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ሲከፈት ሲዘጋ፣ እሷም ነገ እሄዳለሁ እያለች ከረመች። አሁን ባል ያላት ሴት መሆኗን የመንደሩ ሰው ረስቶታል።

እኔ ፀሐይወርቅ እባላለሁ። ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ ከአባቷ ከሐጂ ሙሀመድሰዒድ ጋር የምንለያየው በአንድ የቆርቆሮ አጥር ነው፤ እሱም ዝጎ ዝጎ ከመጋረጃ አይሻልም። በዚያ ላይ ወሬ እወዳለሁ፤ አልክድም። የምነግራችሁን ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ግማሹን ደግሞ አስያ አጥሩን ተደግፋ አጫውታኛለች።

ሐጂ ደልጊ ተወልደው፣ በልጅነታቸው እህል በጫነ ጀልባ ሐይቁን ተሻግረው ባሕር ዳር የገቡ፣ ከዚያ ወዲህ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ቁጡ ናቸው፤ ስለ ራሳቸው ግን አያጉረመርሙም። ሱቃቸው የተቃጠለ ጊዜ ልናጽናና ሄደን «አልሐምዱሊላህ፤ ሰው አልተቃጠለም» ብለው እኛኑ አጽናንተው መለሱን። ካንሰር አጥንታቸው ውስጥ እንደገባ ሐኪሙ ለልጆቹ ሲነግር፣ እሳቸውም ነገሩን ከልጆቻቸው ፊት ላይ አንብበው ያንኑ ቃል አሉ።

ሐኪሙ «ከዚህ በኋላ ማስታመም ነው» ብሎ ወደ ቤት ሲመልሳቸው አኒስ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የአባቱን ሱቅ የያዘው እሱ ነው፤ ዕቃ መምረጥ ያውቃል። ቤት ለቤት እየዞሩ ሐኪም ቤት ያሰናበታቸውን ሰዎች የሚያስታምሙ ነርሶች ያሉት አንድ የግል ድርጅት አገኘ። መኪናቸው ነጭ፣ ልብሳቸው አንድ ዓይነት፣ ስልካቸው ገና አንዴ ሲጠራ የሚነሣ። «ደረጃቸውን የጠበቁ ናቸው!» እያለ ለመንደሩ ሁሉ አወራ። መንደሩም መኪናውን አይቶ አመነ። ዘንድሮ ሰው ሐኪምን የሚመዝነው በጎማው ነው።

የሚመጣው ነርስ ግሩም ይባላል። መልከ መልካም፣ አንደበተ ለስላሳ፣ ጫማውን ደጅ አውልቆ የሚገባ ልጅ። እኔም ወድጄው ነበር፤ ያላገባች ሴት ልጅ ብትኖረኝ ኖሮ አጥሩን ራሴ አፍርሼ አስተዋውቀው ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ይልና የሐጂን እጅ ይዞ «ሕመሙ እንዴት ነው አባባ?» ይላል።

«አልሐምዱሊላህ፤ ደህና ነኝ።»

«ጎበዝ! ጀግና እኮ ነዎት!»

ግፊታቸውን ይለካል፣ ትኩሳታቸውን ያያል፣ የቀረበለትን ጭማቂ ይጠጣል፣ ተመርቆ ይወጣል። ሐጂም «ምግባር ያለው ልጅ!» ይላሉ። የግቢው በር ሲዘጋ ግን የትራሱን ጫፍ በጥርሳቸው ይነክሳሉ፤ ግንባራቸው በላብ ይጠመቃል። ይህን የምታየው አስያ ብቻ ናት። እሷም እንዳየች እንዳያውቁባት ፊቷን አዙራ ብርድ ልብስ የምታጥፍ ትመስላለች።

አንድ ቀን ግሩምን እስከ መኪናው ተከትላ «ወንድሜ፣ በጣም ያማቸዋል» አለችው። ልጁ አልተቆጣም። «እህቴ፣ እኔ የምሠራው በታማሚው ቃል ነው። ደህና ነኝ የሚሉትን ሰው በግድ አላክምም» አላት። እውነቱን ነው፤ ምን ይበል? ለአኒስ ነገረችው። አኒስም የዋህ ነው፤ በቀጥታ ሄዶ «አባዬ፣ ያምዎታል እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ሐጂ ለእሱ አልመለሱለትም። አስያን አዩዋትና «ማነው አመመው ያለሽ?» አሏት። ከዚያ በኋላ አፏን ዘጋች።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ተረቱ ልክ ነው፤ ግን በሽታውን የሚደብቀው አባት፣ የምታየው ደግሞ ልጅ ስትሆን ምን እንደሚደረግ አይናገርም።

«እትዬ ፀሐይ፣» አለችኝ አጥሩ ላይ ተደግፋ፣ «አፌን ብከፍት አባቴን በሰው ፊት ውሸታም ላደርግ ነው። ብዘጋ ደግሞ እያየሁ ሊያልቁብኝ ነው። ወዴት ልሂድ?»

ወዴትም መሄጃ አልነበራት። ይባስ ብሎ ከድርጅቱ ሔራን የምትባል ኃላፊ መጣች። አገልግሎታቸውን ወደዱት እንደሆነ ቤተሰቡን ሰብስባ ልትጠይቅ ነው። እኔም ነበርሁ። ሐጂ በትራስ ተደግፈው «ከልጆቼ አይለዩም» አሉ። አኒስ ለወዳጆቹ ሁሉ እንደሚነግርላቸው ቃል ገባ። ሴትዮዋ ደስ ብሏት ወደ አስያ ዞረች፤ «አንቺስ እህቴ? የምታስታምሚው አንቺ ነሽና ያንቺ ቃል ይበልጥብናል» አለቻት። የአባቷ ዓይን ላይዋ ላይ ነበር።

«ጥሩ ናቸው» አለች አስያ።

ወዲያው ብርጭቆ ልታነሣ የመጣች መስላ ወደ ጓዳ ገባች። ስከተላት ሻርፗን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ታለቅሳለች። እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም፤ አንጀቴን በላችው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው፤ ቤቱ በነርስና በመኪና ተሞልቶ አንድ ሰው ደግሞ መሀል ላይ በሕመም ይቃጠላል።

የሺአረግን ያመጣኋት ያን ጊዜ ነው። ሲስተር የሺአረግ የዱርቤቴ ልጅ ናት። ባለቤቴን ወልደ ገብርኤልን እስከ መጨረሻው ያስታመመችልኝ እሷ ናት። ከአንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ጋር ትሠራለች፤ ባጃጅ ተጋፍታ ትመጣለች፤ ፊቷ አይፈታም። አኒስ ስሟን ስጠራለት «እሷ የድሆች ነርስ አይደለችም እንዴ? ሰው ምን ይለናል?» አለ። ነገር አላበዛሁም። በማግስቱ «ሐጂን ልንጠይቅ መጣን» ብዬ ይዣት ገባሁ። በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣን እንግዳ ከደጅ የሚመልስ ሙስሊምም ክርስቲያንም የለም።

ገብታ እጇን ታጠበች። ጭማቂውን «ይቆይልኝ» አለች። በርጩማ ስባ አልጋው አጠገብ ተቀመጠችና አየቻቸው፤ እግራቸውን፣ አተኛኘታቸውን፣ ትራሱን። አኒስ ከበሩ ላይ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

«እንዴት ነዎት ሐጂ?»

«አልሐምዱሊላህ፤ ደህና ነኝ።»

«ለአላህ ምስጋናውን አድርሰዋል፤ መልካም። አሁን ደግሞ ለእኔ ይንገሩኝ።»

ሐጂ ቅንድባቸውን ሰበሰቡ። «ደህና ነኝ አልሁሽ እኮ።»

የሺአረግ ወደ አስያ ዞረች። «አጠገባቸው የምታድሪ አንቺ ነሽ። እውነት ነው?»

አስያ የሻርፗን ጫፍ በጣቷ ጠመዘዘችው። አባቷ ያዩዋታል፤ ወንድሟ ያያታል፤ እኔም ምን ይውጠኝ፣ አየኋት። አሁንም «ጥሩ ናቸው» ብትል ማንም አይፈርድባትም ነበር።

«አይደለም» አለች። «አባዬ እየዋሹ ነው። ትራስ እየነከሱ ነው የሚያድሩ። ደህና የሚሆኑ ሰው ሲመጣ ብቻ ነው።»

በአንቱታ ነው የሰደበቻቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ! አኒስ «አስያ! አላህን ፍሪ!» ብሎ ጮኸ። ሐጂ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። አስያ ምድር ተከፍታ ብትውጣት ደስ የሚላት መስላ ቆማ ቀረች።

የሺአረግ አልደነገጠችም። አኒስን «ወንድሜ፣ ትንሽ ውጣልን» አለችው፤ እያጉረመረመ ወጣ። ከዚያ በርጩማዋን ወደ አልጋው አስጠጋች።

«ሐጂ፣ ሕመም መቻልዎን አይቻለሁ። ግን ለምን? ምን ፈርተው ነው?»

እስከዚያች ቀን ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። እኛ ሁላችን «እንዴት ነዎት» ብለን «ደህና»ቸውን ተቀብለን ወደየቤታችን እንሄዳለን። ሐጂ የመለሱት ለግድግዳው ነበር። ደልጊ ላይ ታላቅ ወንድማቸው ሲሞት የማስታገሻ መርፌ እየተወጋ፣ ልጆቹን ለይቶ ሳያውቅ፣ ሙስሊም በመጨረሻ እስትንፋሱ ሊለው የሚመኘውን የእምነት ቃል፣ ከሊማውን ሳይል አለፈ።

«ሕመም አልፈራሁም» አሉ። «አላህ አንድ ነው ሳልል እንዳልሞት ነው የፈራሁ። አመመኝ ካልሁ መድኃኒቱን ታመጣላችሁ። መድኃኒቱ ልቤን ይወስደዋል።»

አስያ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ስንት ወር ሙሉ ኩራት ነው የሚያስደብቃቸው ብላ ነበር።

«አልዋሽዎትም» አለች የሺአረግ። «በመጨረሻዋ ሰዓት ነቅተው ይሆናሉ ብዬ ቃል አልገባም፤ ያንን የሚያውቅ የለም። ግን እንዲህ የከፋ ሕመምም ራሱ ልብ ይወስዳል። ሐኪሙን አናግሬ የሚዋጥ ሞርፊን አመጣለሁ፤ በትንሹ እንጀምራለን፤ ከሶላትዎ ጋር እያስማማን። ካደነዘዘዎት እንቀንሳለን። የሚወስኑት እርስዎ ነዎት።»

እኔ ግሩምን ከእሷ ጋር ሳስተያይ ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ሁለቱም ያንኑ ጥያቄ ጠይቀዋል። አንደኛው መልሱን ወደደው፣ ሁለተኛዋ አልወደደችውም፤ ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው።

ሐጂ ፊታቸውን መለሱ። አስያን ሳያዩ ስለ አስያ ተናገሩ።

«ይቺ ልጅ በሕፃንነቷ ሱቅ አስገብቻት፣ ደንበኛ ፊት ‹ይኼ ጨርቅ ቀለሙ ይለቃል› ብላ አዋርዳኛለች። ከዚያ ወዲህ ሱቄን አላስረገጥኋትም። ዛሬም አዋረደችኝ።» ወደ የሺአረግ ዞሩ። «መድኃኒቱን እሷ ትስጠኝ። ሌላ ሰው እንዳይነካው። አኒስ ቢሆን ልቤ ሄዶም ‹ደህና ነዎት› ይለኛል። እሷ ግን ልቤ ሲለቅ ትነግረኛለች።»

አስያ እግራቸው ላይ ወደቀችና «አፉ ይበሉኝ» አለች። «አፉ ብያለሁ፤ ተነሽ» አሉ። እኔ በደስታ አለቀስሁ። ሞኝ ነኝ፤ በሩ በእሷ ላይ መቆለፉን አላየሁም።

መድኃኒቱ ሠራ። ሐጂ ተደግፈው ተቀመጡ፤ ሰገዱ፤ በስልክ ከአኒስ ጋር ስለ ጨርቅ ዋጋ ተጨቃጨቁ። አኒስም ለጥቂት ቀን አኩርፎ ነጩን መኪና ራሱ አሰናበተ። አስያ ግን ከአልጋው ዘወር ማለት አልቻለችም። ትንሽ ካሳነሰች ግንባራቸው በላብ ይርሳል፤ ትንሽ ከጨመረች ያንቀላፋሉ። ያን ጊዜ አጠገባቸው ቁጭ ብላ መንቃታቸውን ትጠብቅና «አባዬ፣ የዐስር ሶላት ሰዓት አልፎዎታል» ማለት አለባት። እሳቸው ያዝናሉ፣ «ቀንሺው» ይላሉ። ትቀንሳለች፤ ሕመሙ ይመለሳል። የሺአረግ እየመጣች ታግዛታለች፣ ታስተካክላለች፤ ስትሄድ ግን ብልቃጡና ውሳኔው ከአስያ እጅ ነው። ገበያ እንኳ መውጣት አቆመች። እኔ ልተካት ፈቃደኛ ነበርሁ፤ ሐጂ አልፈቀዱም።

ተስኒም ደግሞ እናቷን በስልክ ማናገር እምቢ አለች። መጀመሪያ «እንቅልፍ ወስዷታል» ተባለ፣ ከዚያ «ጥናት ላይ ናት»፣ በኋላ ባልየው «አስያ፣ ካንቺ ጋር አላወራም ብላለች። በአካል ነይላት እንጂ» ብሎ እውነቱን ነገራት። አስያ ስልኩን ዘጋች። ሐጂ ተኝተዋል ብለን ነበር፤ ለካ ሰምተዋል።

በማግስቱ ጧት ጠሩኝ። ስገባ ተላጭተዋል፣ ነጭ ጀለቢያ ለብሰዋል፣ ፈገግ ይላሉ።

«ፀሐይወርቅ፣ ዛሬ ምስክር ሁኝ። ከትናንት ጀምሮ ምንም አላመመኝም። መድኃኒቱንም ይብቃኝ ብያለሁ። ይቺን ልጅ ወደ ልጇ ላኪልኝ። መንገዱ ተከፍቷል፤ ባጃጅም አስጠርቻለሁ።»

አስያ ግንባራቸውን አየች፤ ደረቅ ነው። ትራሱን አየች፤ አልተነከሰም። እጃቸው ጭናቸው ላይ ተዘርግቶ አይንቀጠቀጥም። የምታውቀውን ምልክት ሁሉ እሳቸውም ያውቁታል፤ ነግራቸዋለችና። ወደ እኔ ዞረች፤ እኔም አላውቅም። መድኃኒቱ ሠርቶ ይሆናል። ሰው ደግሞ አንዳንድ ቀን ይሻለዋል።

«አባዬ፣» አለች፣ «ወላሂ ይበሉ።»

ሐጂ በዕድሜያቸው በውሸት ምለው አያውቁም። ሱቅ ውስጥ እንኳ ዋጋ ሲከራከሩ ወላሂ አይሉም ነበር።

«አባትሽን ነው የምታስምይ?»

«ወላሂ ይበሉና ልሂድ። በአላህ ስም ለምኜዎታለሁ፣ ይበሉና ልሂድ።»

መሄድ እንደምትፈልግ በድምፅዋ ሙሉ በሙሉ ይሰማ ነበር። እሳቸውም ሰሙት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ቃሉ ግን አልወጣም። ፈገግታው ቀስ እያለ ከፊታቸው ሄደና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ልቅዳልዎት?» አለች አስያ።

«ቅጂልኝ» አሉ።

ደጅ ባጃጁ ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፋ። እኔ ወጥቼ ሂድ አልሁት።