የምንጣፍ ቤቱ ውሃ ጋፋት ሲደርስ

ባሕር ዳር፣ ጎህ ሲቀድ

ሙሉቀን ፒክአፑን ደጄ ላይ አቁሞ ጡሩምባ ሲነፋ ሰማዩ ገና አልነጣም። እኔ ሐይቁ ዳር ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለችኝ። ምንጣፎቼን የማሠራው ደብረ ታቦር፣ የበግ ጸጉር እያስፈተሉ ከሚያሸምኑት ከሙሉቀንና ከታላቅ እህቱ ከጥሩወርቅ ነው። እሷ ከሸማኔዎቹ ጋር ትውላለች፤ እሱ ይጭናል፣ ያደርሳል፣ ይሸጣል። ዘንድሮ ግን ትእዛዜ ዘገየ፤ የደረሰኝም ሻካራ ነው። ሌላ ሠሪ ላፈላልግ ስነሳ ጥሩወርቅ ደወለች። «ከመተውሽ በፊት ነይና እዪው። የጋፋት ሽማግሌዎች ነገ ይመጣሉ» አለችኝ። ለምን እንደሚመጡ አልነገረችኝም።

ወረታ

ለሻይ ወረድን። ፓስቲው ከዘይት መውጣቱ ስለሆነ ከእጅ ወደ እጅ እያገላበጥን በላነው። ከመንገዱ ማዶ የሩዝ ማሳው ላይ ጉም ተኝቷል። ሙሉቀን ነገሩን የጀመረልኝ እዚህ ነው።

«ከሁለት ክረምት በፊት ቀይ ማቅለሚያ የነካው እጣቢያችን በቦይ ወጥቶ ወንዝ ይገባ ነበር። አንድ ቀን ወንዙ ቀልቶ ከኛ በታች ወዳለችው ጋፋት ወረደ። በዚያው ሰሞን እትዬ ውዴ የሚባሉ ባልቴት ላማቸው ጨነገፈችባቸው። በማቅለሚያው ይሁን በሌላ ማን ያውቃል? የበግ ጸጉር የምንገዛው ከዚያው ከጋፋት ነበር፤ አገሩ ግን መከረና እንዳይሸጥልን ቆረጠ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ከሩቅ በጭነት ማስመጣት ሆነ። እሾህና አፈር የሞላው! ደጋግመሽ ብታጥቢውም አይጠራም። ሳሙና ይፈጃል፣ ውሃ ይፈጃል፣ ክሩ ይበጠሳል። ሸማኔዎቹ ሥራ ሲፈቱ ጥለውን ሄዱ። እህቴ ደግሞ በዚህ ሁሉ መሀል የቀረችንን ጥሪት ጉድጓድ አስቆፈረችበት።»

ጉድጓድ ያለው እጣቢው ወንዝ ከመግባቱ በፊት የሚጣራባቸውን ገንዳዎች ነው። ይህን ሲል ፊቱን ወደ ማሳው አዞረ። የተጣሉ አይመስለኝም፤ ግን ደክሞታል።

ደብረ ታቦር፣ ረፋድ

ዓለም በርን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ገባ። ከተማዋ በባጃጅ ድምፅ ተሞልታለች፤ ገበያተኛው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል። ምንጣፍ ቤቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ጋፋት በሚወስደው በኩል ነው። ጥሩወርቅ ቦቲ ጫማ አጥልቃ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ተቀበለችን። ከቆሙት የሽመና ዕቃዎች አብዛኞቹ አቧራ ለብሰዋል።

ገንዳዎቹን አሳየችኝ። እጣቢው ከአንዱ ወደ አንዱ ይወርዳል፤ ቅባቱና አፈሩ ይዘቅጣል፤ የመጨረሻው ገንዳ ውስጥ ውሃ የሚያጠራ የረግረግ ሣር፣ ፊላ ተተክሏል። የጠራው ውሃ ገሚሱ ተመልሶ ለመጀመሪያ እጥበት ይውላል፤ ስለዚህ የፓምፑ ነዳጅ ቀንሷል። ዝቃጩ በስብሶ ሲያበቃ ጎረቤቶቿ ለድንች መደብ ይወስዱታል። ቀዩን የማቅለሚያ ዱቄት ጨርሳ ትታዋለች።

«ነጩም፣ ጥቁሩም፣ ቡናማውም በጉ ላይ አለ። ገንዘብ ከፍዬ ቀለሙን ምን አስቀየረኝ?» አለች።

በከተማ ስብሰባዎች ላይ ስለ ድርጅትና ስለ አካባቢ ጥበቃ ሲወራ ብዙ ሰምቻለሁ። ሁሌም ትርፍ ከተገኘ በኋላ የሚደረግ በጎ አድራጎት ይመስለኝ ነበር። እዚህ ግን ትርፉ ራሱ ከወንዙ ወዲያ ማዶ፣ በተቀየመ ሰው በግ ጀርባ ላይ ነው ያለው።

ጋፋት አጠገብ፣ እኩለ ቀን

ሽማግሌዎቹ ቄስ አዳነን አስቀድመው ወደ ገንዳዎቹ መጡ። እትዬ ውዴ ከኋላ ቦራ ላም እየነዱ ነው። ቄስ አዳነ የፊላውን ገንዳ ዞረው አዩና «እኛ ውሃ መርማሪ አይደለን፤ ከብቷ ትቅመሰው» አሉ።

ላሟ ከመጨረሻው ገንዳ የሚወጣው ቦይ ዳር ደረሰች። አሸተተች። ፉት ሳትል አንገቷን አቅንታ ዞር አለች።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሙሉቀን እጁን ኪሱ ከተተ።

«ጠዋት አጠጥቻታለሁ» አሉ እትዬ ውዴ ድንገት። «ስላልጠማት ነው። በውሃው አታመካኙ።»

ከሁሉም በላይ የተጎዱት እሳቸው ነበሩ። ዝም ቢሉ ነገሩ ያኔ ባለቀ።

ላሟን ፀሐይ ላይ ግጦሽ ለቀቅናትና ተቀመጥን። እትዬ ውዴ ጥሩወርቅን ትክ ብለው አዩዋት።

«ያችን ጥጃዬን ያስወረደብኝ ያንቺ ውሃ ነው?»

«አላውቅም እትዬ። እንዲህ ነው ብዬ አልዋሽዎትም። ወንዙን ያቀላሁት ግን እኔ ነኝ። ያን ቀን ደጅዎ መምጣት ነበረብኝ፤ ፈርቼ ቀረሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ወደ ላሟ መለሱ። ፀሐዩ ሲበረታ ላሟ ራሷ ወደ ቦዩ ተመለሰች፣ አፏን ነከረች፣ ረጅም ጊዜ ጠጣች። ቄስ አዳነ «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ሽማግሌዎቹም የሚሸጡትን የበግ ጸጉር ለማምጣት ተነሱ።

እትዬ ውዴ ግን አልተነሱም። የመጨረሻውን ገንዳ የውሃ መልቀቂያ በር የሚዘጋውን፣ ከጥሩወርቅ አንገት የተንጠለጠለውን ቁልፍ ጠቆሙ።

«የኔን በጎች ጸጉር መሸጡን ከክረምት በኋላ እናያለን። ቁልፉን ግን አሁን ስጪኝ። ሳላይ ውሃ አይወርድም።»

«እታለሜ፣ ተይ እንጂ!» አላት ሙሉቀን እህቱን ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሥራችንን እኮ ነው የምትቆልፊው!»

ጥሩወርቅ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።

ወደ ባሕር ዳር፣ አመሻሽ

ጥሩወርቅ ባሕር ዳር ጉዳይ ስላላት አብራን ወረደች። የመኪናው ጀርባ በጋፋት ጸጉር ተሞልቷል። ሙሉቀን ከመነሳታችን በፊት አንዱን ጭብጥ ፈልቅቆ እሾህ ፈልጎ ነበር፤ አላገኘም። ደብረ ታቦርን ለቀን ቁልቁለቱን ስንጨርስ ወደ እህቱ ዞረ።

«ሌላ ቁልፍ አስቀርፀሻል?» አላት።

«አላስቀረፅኩም።»

«ስለዚህ ውሃ ልንለቅ በፈለግን ቁጥር እሳቸው ቤት መሄዳችን ነው።»

«አዎ። እሳቸው አይተው በለቀቁት ውሃ ግን ሁለተኛ ማንም አይከሰንም ማለት ነው።»

ፍጥነቱን ቀነሰ። «እንግዲያው ነገ የሄዱትን ሸማኔዎች ልጥራቸው» አለ።

ባሕር ዳር ስንገባ መብራቱ ሐይቁ ላይ ይንቦገቦጋል። ደጄ ላይ ስወርድ ለሁሉም ክፍሎቼ ምንጣፍ አዘዝኩ፤ ነጭና ቡናማ፣ ማቅለሚያ ያልነካው። ጥሩወርቅ መቼ እንደሚደርስ ቁርጡን ልትነግረኝ አልቻለችም።

«ክረምቱ ይውጣ» አለችኝ። «እትዬ ውዴን ሳላስፈቅድ ቀን አልቆርጥልሽም።»