የጾመው ኮምፕሬሰር

የማቀዝቀዣ ሞተር ሲነሣ ዛሬም ጆሮዬ ይቆማል። ሰው «ይሄ ደግሞ ምኑ ይደመጣል?» ብሎ ይስቅብኛል፤ እኔ ግን ካምፓላ፣ ኪሱጉ ሰፈር በነበረው ምግብ ቤታችን ጓሮ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር የተተከለው ኮምፕሬሰር ያን ቅዳሜ ያሰማው ድምፅ፣ በጣሳ ውስጥ እንደሚናጥ ጠጠር ያለው፣ ከጆሮዬ አልወጣ ብሎ ኖሯል።

ሁዳዴ ካምፓላ ላይ የሚገባው በሙቀቱ ወራት ነበር። ደንበኞቻችን ጾመኞች ስለነበሩ የሥጋው ቀዝቃዛ ክፍል ባዶውን ይቀር ነበር፤ እናቴም መስቀያውን አጥባ፣ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ «ሰው ሲጾም እሱም ይጹም» ብላ ኤሌክትሪኩን ከግድግዳው ታጠፋው ነበር። አባቴ ጂንጃ፣ አንድ የዓሣ ፋብሪካ ውስጥ የማቀዝቀዣ መካኒክ ስለነበር የሚመጣው ለሰንበት ብቻ ነው። በየዓመቱ ለሆሳዕና መጥቶ የግድግዳውን ትልቁን ማብሪያ ያበራና፣ ሞተሩን የሚያስነሣውን ትንሹን ቀይ ማብሪያ ሳይነካ ትቶት ይሄድ ነበር። እናቴ ይህን እንደ ወንድ ጣጣ ትቆጥረው ነበር፤ እሱም ምክንያቱን ነግሯት አያውቅም። አባቴ ማሽን ያዳምጣል እንጂ ለሰው አያስረዳም።

ያን ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ገባ፣ ፋብሪካውም አባቴን ለሆሳዕና አልለቀቀውም። ቅዳሜ ጠዋት ለፋሲካ የታረደው በሬ መጣ። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣው ሐበሻ ሁሉ ጥሬ ሥጋ ብሎ የሚጎርፈው ወደ እኛ ስለነበር፣ እናቴ ያንን ረጅም ባዶ ጊዜ የቻለችው ያን አንድ ቀን ተስፋ አድርጋ ነው። ሥጋው ተሰቀለ፣ በሩ ተዘጋ፣ እሷም ሁለቱንም ማብሪያ ባንድ ላይ አበራች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ። ኮምፕሬሰሩ አጓራና ያን የጠጠር ድምፅ ጀመረ፣ ዘይቱ በሚታይበት ትንሽ መስታወት ውስጥም ነጭ አረፋ ሞላ።

አባቴ ጋ ደወልን። «ድምፁን አሰሚኝ» አለኝ፤ ስልኩን አስጠግቼ ያዝኩለት። ወዲያው ሲጮህ ለሁላችንም ተሰማ።

«ሜሪዬ፣ ቀዩን አጥፊው! ትልቁን እንዳትነኪ! ጋዙ በዝናቡ ብርድ ዘይቱ ውስጥ ተኝቶ ነው የከረመው፤ ኩሽኔታው ዘይት አላገኘም፣ ብረት ከብረት እየተፋጨ ነው!»

«እንዳትነኪው!» አለች እናቴ ከኋላዬ። «ጌታቸው፣ ሥጋው ሊሸት እኮ ነው! ነገ ለሰው ምን ላቀርብ ነው?»

«አልማዝ፣ አሁን ካልጠፋ ሞተሩ ይነክስና ከነጭራሹ አይዞርም!»

ፈራሁ። ከሁለቱ አንዳቸውን እምቢ ማለት ነበረብኝ፣ ልጅ ደግሞ ለዚህ አልተፈጠረም። ወደ ኋላ ሳልዞር እጄን ሰድጄ ቀዩን አጠፋሁት።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዝምታ ከድምፁ የባሰ ነበር። በትልቁ ማብሪያ የሚሠራው፣ አባቴ በየሆሳዕናው ቀድሞ የሚያበራው ማሞቂያ ዘይቱን ከሥር ቀስ እያለ አሙቆ ጋዙን እስኪያስወጣ መጠበቅ ነበረብን፤ ሥጋ ደግሞ አይጠብቅም። እናቴ በቦዳ ሞተር ሳይክል ከናኪቩቦ ገበያ በረዶ አስመጥታ ክፍሉ ውስጥ ደረደረች፣ እኔን ግን አታናግረኝም ነበር። በሩ ሥር ቆሜ አፍንጫዬን ወደ ስንጥቁ እያስጠጋሁ አሸት ነበር፤ አንዴ የተበላሸ ይመስለኛል፣ አንዴ ምንም። ከተበላሸ ያበላሸሁት እኔ ነኝ እያልኩ ስጸልይ ዋልኩ።

አመሻሽ ላይ አባቴ በዝናብ በስብሶ ደረሰ። መስታወቱን በባትሪ አየው፤ አረፋው ጠፍቶ ዘይቱ ጠርቷል። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ደግፎ ቀዩን አበራ። ሞተሩ መጀመሪያ አንገራገረ፣ ከዚያ ተስተካክሎ ሠራ። «ኩሽኔታው ተጎድቷል፤ ግን ለፋሲካ ያደርሰናል» አለ። እናቴ ገብታ ሥጋውን አሸተተች፣ ዳሰሰች፣ «ደህና ነው» አለችና ደፉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። በማግስቱ ቤቱ በሰው ሲሞላ ከሻኛው ቆርጣ መጀመሪያ ያጎረሰችው እኔን ነበር።

ዛሬ እኔም እዚሁ ካምፓላ ምግብ ቤት አለኝ፤ ማቀዝቀዣዬ ሁዳዴን ሙሉ አይጠፋም፣ ባሌ ደግሞ ጁባ ይሠራል። ያኔ አባቴ በስልክ ድምፅ ብቻ ነበር፤ የዛሬው አባት በስልክ መልኩም ይታያል። ልጃችንን «ይህን አድርጊ» ሲላት ግን ከመንቀሳቀሷ በፊት ዞራ የእኔን ፊት ታያለች። እኔ ያን ቀን ዞሬ የእናቴን ፊት አይቼ ቢሆን ኖሮ እጄ አይሄድም ነበር። ስለዚህ ልጄ ወደ እኔ ስትዞር፣ ፊቴን አይታ እንዳትወስን፣ እኔ ወደ ምድጃው እዞራለሁ።