ፈሰስ የሚማረው ልጅ

አባቴ ይፈልግ የነበረው ዳኛ ልጅ ነው። ችሎት የሚወድ ሰው ስለሆነ ኮሌጅ ስገባ ላገኘው ሁሉ «ልጄ ሕግ ይማራል» እያለ አወራ። በሁለተኛው ዓመት ክረምት በእንጅባራና በዳንግላ መካከል ወዳለው ቤታችን ስመለስ እውነቱን ነገርሁት፤ የምማረው መስኖና ውሃ ማንጣፈፍ ነው።

«ቦይ ቁፋሮ?» አለኝ። «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! ይህንንማ እኔም አስተምርህ አልነበር?» ወደ ኮሌጅ እንደማልመለስም ቁርጡን ነገረኝ። ከታች የሚያርሰውን ታናሽ ወንድሙን ዳንግላ ፍርድ ቤት ሊከስ ስለነበር ክሱን ጽፌ አብሬው እንድቆም ፈለገ።

ጠቡ የፈሰስ ነው። አገራችን ዝናብ ስለሚበዛበት ገብስ ሲዘራ ውሃው የሚወጣበት ፈሰስ በበሬ ይቀደዳል። አባቴ ቁልቁለቱን ቀጥ አድርጎ ይቀደዋል፤ ውሃው እየጋለበ የአጎቴን ማሳ ይቦረቡራል። አጎቴ ደግሞ ሣር ከነአፈሩ ነቅሎ ይደፍነዋል። ያኔ የእኛ ገብስ ውሃ ተኝቶበት ቢጫ ይሆናል። ሁለቱም ግትር ናቸው፤ እኔስ የማን ዘር ነኝ?

በማግስቱ ሦስት እንጨት አጋጥሜ፣ መሐሉ ላይ ድንጋይ በክር አንጠልጥዬ የመሬቱን ዘንበል ማለት ለካሁ። ፈሰሱ በድንበሩ ላይ አግድም፣ በዝግታ ወደ ወንዙ ቢሄድ ማንንም አይጎዳም። ችግሩ ከእኛ ማሳ ጥቂት መሬት መውሰዱ ነው።

ይህን ስነግረው አባቴ «ከእኔ ቆርሰህ ለውሃ?» ብሎ ጮኸብኝ።

እኔም ተናደድሁ። «አባባ፣ ለፍርድ ቤት ከሚቆርሱ አይሻልም?» አልሁት። እንዲህ ተናግሬው አላውቅም፤ ይመታኛል ብዬ ነበር። ፊቱን አዙሮ ቤት ገባ።

ጠዋት በሬዎቹን ጠምዶ ድንበሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። «በየት በኩል ነው?» አለኝ። እንጨቴን ይዤ ፊት ፊት ሄድሁ። አጎቴ ከታች አይቶን ዶማውን ይዞ ሲመጣ ሊደፍነው መስሎኝ ደነገጥሁ። እንደምን አደራችሁ እንኳ ሳይል ከአባቴ ኋላ ሆኖ የተገለበጠውን አፈር መጥረግ ጀመረ።

የዚያኑ ሳምንት ዶፍ ጣለ። ውሃው ቀስ እያለ ወንዝ ገባ። ከዚያ ወዲያ ስለ ክስ ያነሳ ሰው የለም።

መስከረም ሲጠባ ወደ ኮሌጅ ስመለስ አባቴ እስከ ዳንግላ በፈረስ ሸኘኝ። አውቶቡስ ስንጠብቅ አንድ የችሎት ወዳጁ፣ ሽማግሌ ነገረ ፈጅ፣ አገኘንና «ዳኛው ልጅህ ይህ ነው?» አለው። አፍሬ መሬት መሬቱን አየሁ።

«ዳኛ አይደለም» አለ አባቴ፣ የቆመው ሰው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ። «ፈሰስ ነው የሚማረው።»