ጥርስ ያላት ድንጋይ

ባሌ ጡረታ በወጣ ማግስት ድንጋይ መልቀም ጀመረ። ነገሩ በሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። አርባ ምንጭ ውስጥ የሰው ባል ዓሣ አንጠልጥሎ ሲገባ፣ የእኔው ከምዕራብ ዓባያ ወዲያ ካለው ቦረቦር ድንጋይ ለቅሞ፣ ጆንያውን ተሸክሞ ሲቀላ ሰፈር መናኸሪያው ላይ ከአውቶቡስ ይወርዳል። የመናኸሪያው ሰው "መምህር፣ ዛሬስ ምን ቀናዎት?" እያለ ይስቅበታል። እኔ እበግናለሁ።

"ድንጋይ አይደለም፤ ድንጋይ የሆነ አጥንት ነው" ይለኛል።

"አጥንት ከሆነማ ልቀቅልልህ!" እለዋለሁ።

አፌ እንዲህ ይበል እንጂ የሚያንገበግበውን አውቃለሁ። ዕድሜውን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ነው። አሁን የሚመኘው አንድ የሚያውቅ ሰው መጥቶ "ልፋትህ ከንቱ አይደለም" እንዲለው ብቻ ነበር። በተለይ አንዲት ጠፍጣፋ መንጋጋ ነበረችው፣ ጥርሶቿ ከነረድፋቸው ያሉ። አዲስ አበባ ሙዚየም ደጋግሞ ደውሎ፣ በመጨረሻ አንዲት ተመራማሪ ለሥራ ወደ እኛ አገር ስትመጣ ቤታችን ጎራ እንደምትል ተነገረው።

በቀጠሮው ቀን ኮቱን ለብሶ መደርደሪያው ጋ ቢሄድ፣ መንጋጋዋ የለችም! አልጋ ሥር ገባ፣ ጆንያ ዘረገፈ፣ ፊቱ አመድ መሰለ። "አንቺ ሴትዮ፣ ጣልሽብኝ አይደል?" ብሎ ጮኸብኝ። እኔም አልቀረሁለትም። በዚህ መሐል እንግዳዋ ደጃፉን አንኳኳች።

ያን ሰሞን እናቴ ከደጋው መንደሯ ከኦቾሎ የእንሰት ሊጥ ይዛልኝ ወርዳ ነበር። ድንገት ትዝ ሲለኝ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ሊጡን በቅጠል ጠቅልላ፣ ውሃው እንዲወጣ ድንጋይ ጭናበታለች። ከሁሉም በላይ የተጫነችው መንጋጋዋ ናት! "ከባድ ናት፣ ጠፍጣፋ ናት፤ ከዚህ የተሻለ ምን ድንጋይ አለ?" አለችኝ በጋሞኛ፣ እኔ ነጥቄያት ወደ ቤት ስሮጥ እየገረማት።

ጥርሶቿ መሐል ሊጥ ተሰግስጎ፣ ቁርስ ላይ የተያዘች ትመስል ነበር። ባሌ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ተመራማሪዋ ግን ሳቀች። በትንሽ ብሩሽ ሊጡን ጠረገችና አገላበጠቻት። ባሌ አንገቱን አስግጎ ያያታል። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ድንጋይ ጸለይኩ።

"ጉማሬ ነው ጋሼ" አለች። "የዛሬው ዓይነት ግን አይደለም፤ በጣም የቆየ ነው። የት አገኙት?"

ቦታውን ነገራት፤ እንዳይጠፋው ድንጋይ ከምሮ ምልክት አድርጎ ነበር።

"እኛ ብቅ የምንለው ስንት ዓመት ቆይተን ነው" አለች። "ዝናብ ያወጣውን ጎርፍ መልሶ ይወስደዋል። እርስዎ ባይደርሱላት ይቺ አሁን ሐይቅ ውስጥ ነበረች። እንደ እርስዎ ያሉ ሰዎች ባይኖሩ ሥራችን ግማሽ ይሆን ነበር።" ከዚያ ወደ ሾፌሯ ዞረች። "ከፊት ቦታ አስለቅቅላቸው፤ ጋሼ ይመሩናል። ባልደረባችን ናቸው።"

ጡረታ ከወጣ ወዲህ ባሌን ባልደረባ ያለው ሰው አልነበረም። መነጽሩን አወለቀና በኮቱ ጫፍ ይወለውለው ጀመር። እኔ እንደሆንኩ አልቻልኩም፤ እልልታዬን ለቀቅኩት። እናቴም ምን እንደተገኘ ሳታውቅ ከጓሮ ተቀበለችኝ።